የቀበሌ ቤት ውስጥ ውሻ (ድመትም) ለማሳደግ ምን ምን ያስፈልጋል?

ፋሲል ግንብ ገብታችሁ የምታውቁ ከሆነ የአንበሳ ቤቱን አይታችሁታል። ነገሥታቱ ግቢያቸው ውስጥ አንበሳ ነበር የሚያሳድጉት። «ውልህ ይፈቅዳል ወይ?» ያላቸው የለም። እኛ ግን ተከራይ ነን፣ ያውም የቀበሌ። አንዲት ቡችላ ለማስገባት እንኳ አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል።

ባለፈው ሰሞን አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደውሎ «ቡችላ ሊሰጡኝ ነው፣ ግን ቤቱ የቀበሌ ነው፣ ይከለከላል እንዴ?» አለኝ። እኔ በኖርኩበት ዘመን «ውሻ ክልክል ነው» ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም። ቢሮ የሚያስጠራችሁ ውሻው ሳይሆን ውሻውን ተከትሎ የሚመጣው ጣጣ ነው፦ ግንባታ፣ ንክሻ፣ ሽታና ጩኸት። እኔ አራቱንም ቀምሻለሁ፣ ስለዚህ እናንተ እንዳትቀምሱ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ።

የምኖረው ጎንደር፣ ፒያሳ አካባቢ ጣሊያን ከሠራቸው ቪላዎች በአንዱ ነው። ቪላ ስላችሁ እንዳትቀኑብኝ። ለአምስት አባወራ የተከፋፈለ ነው። አንድ ግቢ፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ የልብስ ማስጫ ገመድ። ውሻዬ ቡቼ ይባላል።

አንደኛ፦ ቤቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ቂል ጥያቄ ይመስላል፣ ግን የትኛው ደንብ እንደሚመለከታችሁ የሚወስነው ይሄ ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ፣ የወር ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ደግሞ ለኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ተሰጡ። ዛሬ «የቀበሌ ቤት» የምንለው የዚያን ጊዜው ነው። አከራያችሁ መንግሥት ነው ማለት ነው፣ ውላችሁም ከቤቶች አስተዳደሩ ጋር ነው።

ኮንዶሚኒየም ሌላ ነው። መንግሥት ቢሠራውም እያንዳንዱ ቤት ባለቤት አለው። ሕንፃው የሚተዳደረው በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት በተቋቋመው የቤት ባለቤቶች ማኅበርና በመተዳደሪያ ደንቡ ነው። ስለዚህ እዚያ የምትጠይቁት ቀበሌውን ሳይሆን የብሎካችሁን ኮሚቴ ነው። ደንቡን በእጃችሁ አስገብታችሁ አንብቡት፣ «አለ ይባላል» አይበቃም። ደረጃው፣ ኮሪደሩና ግቢው የጋራ ነው፣ ውሻ ማሰሪያ አይደለም። በረንዳ ላይ አስሮ ሥራ መሄድ ደግሞ ለውሻውም ለታች ቤቱም ግፍ ነው። ሽንቱ የት የሚወርድ ይመስላችኋል? ከግለሰብ የተከራያችሁ ከሆነ ባለቤቱ መፍቀዱን ውሉ ላይ አስጽፉ። የ2016ቱ የቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ይሁን ስለሚል ወረቀቱ መኖሩ አይቀርም፣ አንዲት መስመር መጨመር ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ደባል ከሆናችሁ ግን ምክሬ አጭር ነው፦ ተዉት። የቀበሌ ቤት ለሦስተኛ ወገን ማከራየት የሚያስጠይቀው ዋናውን ተከራይ ነው። ውሻችሁ አንድ ሰው ላይ የጮኸ ቀን «ይሄ ውሻ የማን ነው?» ሲባል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «አንተስ ማን ነህ?» ነው።

ቤቱ በስማችሁ ከሆነ ውሉን ከሣጥን አውጡት። የኔ ውል ላይ «ውሻ» የሚል ቃል ከላይ እስከ ታች የለም። የናንተም ላይኖረው ይችላል። ሦስት ነገሮች ግን ፈልጉ። አንዱ ያለ ፈቃድ መጨመር፣ ማፍረስና መለወጥ አይቻልም የሚለው ነው፤ ይሄ የውሻውን ቤት ይነካል። ሌላው ቤቱ ለመኖሪያ ብቻ ነው የሚለው። ቡችላ እያስወለዱ መሸጥ ንግድ ነው፣ ሃምሳ ዶሮ ማርባትም እንደዚያው። ሦስተኛው ቤቱን በጥንቃቄ መያዝና ሲለቁ በነበረበት ሁኔታ ማስረከብ። የተቧጨረ በርና ሽንት የጠጣ የጭቃ ግድግዳ እዚህ ውስጥ ይገባል።

ሁለተኛ፦ ቡችላው ሳይመጣ ጎረቤት አናግሩ

ከሁሉም ደረጃ ይሄ ይበልጣል። ቀበሌው ስለ ውሻችሁ የሚሰማው ከጎረቤት ነው፣ ሌላ ጆሮ የለውም።

ቡና ላይ አንሡት። ደርሶ ከመጣ በኋላ «ይቅርታ፣ አመጣሁ» ማለትና ቀድሞ መጠየቅ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ግቢው ውስጥ ትልቋ ወደሆኑት እናት ነው።

«እትዬ፣ ቡችላ ላመጣ አስቤ ነበር፣ ምን ይሉኛል?»

«ኧረ ምን ቸገረኝ ልጄ! ብቻ ነጠላዬን ካሰጣሁበት እንዳይደርስ። ለቅዳሴ የምለብሰውን ውሻ ከነካብኝ እንጣላለን።»

በቃ፣ አንዱን ደንብ እሳቸው አወጡልኝ። ሙስሊም ጎረቤታችን ደግሞ ለሶላት ውዱእ አድርጎ ሲወጣ ውሻው እንዳይልሰው ነው የለመነኝ። የውሻ ምራቅ ከነካው እንደገና መታጠብ ሊኖርበት ነው። ልክ ነው፣ የሱ መንገድ ከቧንቧው እስከ በሩ ነው፣ እዚያ መሐል ውሻ ማሰር አይገባም። ትንንሽ ልጆች ያሏት ጎረቤት የፈራችው ንክሻ ነው። የማታ ፈረቃ የሚሠራው ጩኸት። እያንዳንዱ የሚፈራው ነገር የተለያየ ስለሆነ «ትስማማላችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ «ምን ያስቸግርሃል?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ከዚያ የተባለውን በወረቀት አስፍሩት። በጎንደር ጎረቤት መሐል ወረቀት መጻጻፍ የሚያሳፍር ይመስላል፣ አውቃለሁ። «ምነው፣ አታምነንም?» ይሏችኋል። «እኔን ነው እንጂ እናንተን አይደለም፣ ኋላ እንዳልረሳ ነው» በሏቸው። ጽሑፉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው የግቢው ነዋሪዎች፣ አቶ እገሌ አንድ ውሻ በግቢው ውስጥ እንዲያሳድጉ ተስማምተናል። እሳቸውም ውሻውን ቀን ቀን በተመደበለት ቦታ ሊያስሩ፣ በየዓመቱ ሊያስከትቡ፣ ቆሻሻውን በየቀኑ ሊያነሡ፣ ጉዳት ካደረሰም ወጪውን ሊሸፍኑ ተስማምተዋል።»

ቀን፣ ስም፣ ፊርማ። አንድ ሰው አልፈርምም ካለ አትጣሉት። ምክንያቱን ስሙ፣ ከቻላችሁ አስተካክሉ። ፈጽሞ እምቢ ካለ ግን ቡችላውን አታምጡ። የአንድ ግቢ ሰው ጠልቷችሁ የምታሳድጉት ውሻ ዕድሜው አጭር ነው፣ የአይጥ መርዝ በየሱቁ ይሸጣል።

(በነገራችን ላይ ለፋሲካ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሚታሰረው በግ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮህ ማንም ትንፍሽ አይልም። ይሄን ግን ስብሰባው ላይ አታንሡት።)

ሦስተኛ፦ የውሻውን ቤት ከብሎኬት አትሥሩ

እኔ ጅል ስለነበርኩ ሃያ ብሎኬትና ግማሽ ኩንታል ሲሚንቶ ገዛሁ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ስደርስ ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው ከች አሉ። «ቅጥያ እየሠራህ ነው የሚል ጥቆማ ደርሶናል።» የውሻ ቤት ነው ብላቸው ተያይተው ሳቁ፣ ሳቃቸውን ሲጨርሱ አስፈረሱኝ። ተናድጄ ነበር፣ ኋላ ሳስበው ግን ልክ ናቸው። ስንቱ ነው በውሻ ቤት ጀምሮ ኩሽና ላይ የሚያቆመው፣ ከዓመት በኋላ ደግሞ ኩሽናው ይከራያል።

ስለዚህ የሚነሣ ነገር ሥሩ። አሮጌ የዕቃ ማሸጊያ እንጨት ፈልጉ፣ ከላይ ቁራጭ ቆርቆሮ ምቱበት። ከመሬት በአራት ድንጋይ ከፍ አድርጉት፣ ካለበለዚያ ሰኔ ሲገባ ጎርፉ ከታች ያርሰዋል። ስፋቱ ውሻው አድጎ ቆሞ መዞርና ተዘርግቶ መተኛት የሚችልበት ይሁን። በጣም ሰፊ ከሆነ ሙቀት አይይዝም፣ ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ታውቁታላችሁ። በሩን ነፋስ ከሚመጣበት አዙሩት። ውስጡ ማዳበሪያ ላይ ገለባ አንጥፉ፣ በየሁለት ሳምንቱ ለውጡት። ቁንጫ የሚራባው አሮጌ ገለባ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ምስማር አትምቱ፣ መሬቱን በሲሚንቶ አትለስኑ። ሁለት ሰው ተሸክሞ የሚያነሣው ነገር ቅጥያ አይባልም።

ማሰሪያው ላይ አንዲት ዘዴ ላሳያችሁ። አጭር ሰንሰለት ችካል ላይ ከማሰር፣ በሁለት እንጨት መሐል ጠንካራ ሽቦ ወጥሩና የሰንሰለቱን ቀለበት ሽቦው ውስጥ አስገቡት። ውሻው ወዲያና ወዲህ ይሮጣል፣ ቀኑን ሙሉ ተቀፍድዶ የሚውል ውሻ ደግሞ ክፉ ይሆናል። ከዚያ ሰንሰለቱን እስከ ጥጉ ጎትቱና የት እንደሚደርስ ለኩ። ከሽንት ቤቱ መንገድ፣ ከቧንቧውና ከልብስ ማስጫው ቢያንስ ሁለት እርምጃ ይቅር።

አራተኛ፦ ክትባት፣ ካርዱም ጭምር

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ሰው ላይ አንዴ ከታየ መዳኛ የለውም። ሰው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከ100 እጅ 99ኙ ከውሻ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ «ነገ አስከትበዋለሁ» የለም። ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ድመትም ይከተባል፣ ብዙ ሰው ይሄን አያውቅም። ከተማችን ውስጥ ዩኒቨርሲቲው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ የግል የእንስሳት ሐኪምም ማግኘት ይቻላል። የትም ሂዱ፣ ካርድ ሳትቀበሉ እንዳትወጡ። ካርዱ ላይ ቀን፣ ማኅተምና የውሻው መልክ ይኑርበት። በስልካችሁ ፎቶ አንሡት።

እዚያው ሳላችሁ የሆድ ትል መድኃኒትና የቁንጫ መርጫ ጠይቁ። ወንዱን ማኮላሸት፣ ሴቷን ማምከን ይቻል እንደሆነም ጠይቁ። ሴት ውሻ በዓመት ሁለቴ ገደማ ወንድ ትፈልጋለች፣ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። በዚያ ሰሞን ከአራዳ እስከ ቅዳሜ ገበያ ያለ ውሻ ሁሉ በራችሁ ላይ ያድራል ብላችሁ አስቡት። ያን ጊዜ ወረቀቱ ላይ የፈረመ ጎረቤት ሁሉ ፊርማውን ይረግማል።

አንገቱ ላይ ማሰሪያ አይለየው። ባለቤት የሌለው ውሻ ለማስወገድ ዘመቻ ሲወጣ ማሰሪያ የሌለው ውሻ የናንተ መሆኑን የሚያውቅ የለም።

አምስተኛ፦ ምግብና ቆሻሻ

የቤት ትራፊ ይበላል፣ ብዙ አትጨነቁ። ችግሩ ጾም ላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ የክርስቲያን ልኳንዳ ይዘጋል፣ ቤት ያለው ሽሮ ብቻ ነው። ከመግባቱ በፊት አጥንት ቀቅላችሁ አድርቁ፣ ወይም ከእስላም ልኳንዳ ግዙ።

ጥሬ ሳንባና ጉበት ግን አትስጡ። ከበዓል በኋላ ሁሉም የሚያደርገው ስሕተት ይሄ ነው። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ አንዳንዴ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ታያላችሁ። ውሻው እሱን ሲበላ ትሉ አንጀቱ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል፣ ከዚያ በእጅና ባልታጠበ አትክልት ወደ ልጆች ይሄዳል። ሰው ጉበት ውስጥ ዓመታት ፈጅቶ ያው ከረጢት ይሠራል፣ ሲከፋም በቀዶ ጥገና ነው የሚወጣው። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀቅሉት፣ ወይም ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት።

ቆሻሻውን ጠዋት ጎረቤት ሳይነሣ አንሡ። በፌስታል አስራችሁ ከቆሻሻ ጋር ጣሉት እንጂ ወደ ቦዩ አትጥረጉት፣ ክረምት ላይ ቦዩ ወደ ማን በር እንደሚሄድ ታውቃላችሁ።

ስድስተኛ፦ ጩኸት

ማታ ጅብ ሲጮህ ውሻ ዝም በል ቢባል አይሰማም። የሚቻለው መቀነስ ነው። ጎህ ሲቀድ ግማሽ ሰዓት አስሮጡት፣ ማታ ዘግየት ብላችሁ አብሉት፣ ከመንገዱ በኩል ማየት እንዳይችል ቤቱን አዙሩት። የደከመና የጠገበ ውሻ ይተኛል።

ሰባተኛ፦ ከነከሰ

ቡቼ የነከሰው በጥምቀት ነው። ጥር 10፣ የከተራ ዕለት፣ ከተማው በሙሉ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ይጎርፋል፣ ከበሮና እልልታ፣ በየቤቱ እንግዳ። የጎረቤቴ ዘመድ ከአምባ ጊዮርጊስ ሙክት እየጎተተ ገባ። ውሻው የማያውቀው ሰው፣ የማያውቀው በግ፣ ደግሞ እኔ ለፎቶ ብዬ ፈትቼው ነበር። ባቱን ያዘው።

ያደረግነውን ልንገራችሁ፣ ማድረግ ያለባችሁም ይኸው ነውና። ቁስሉን ወዲያው ቧንቧ ሥር በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጠብነው። 15 ደቂቃ ረጅም ነው፣ ሰዓት ያዙ። ሰዉ ቡና ዱቄት ነስንሱበት፣ በርበሬ አድርጉበት ይላል፣ እንዳትሰሙ። ከዚያ በዚያው ዕለት፣ በዓልም ቢሆን፣ ሆስፒታል። የክትባት ካርዱን ይዤ ሄድኩ፣ ግን «ውሻው ተከትቧል» ተብሎ ቤት አይቀርም። ክትባት ያስፈልገዋል አያስፈልገውም የሚለው ሐኪሙ ነው። ጎረቤቴ ጠበል ይወሰድ አለች። ይወሰድ፣ አልተከራከርኩም፣ መጀመሪያ ግን መርፌው።

ውሻውን አትግደሉት፣ አታሽሹትም። አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት። በነዚህ ቀናት ከበላ፣ ከጠጣና ጤነኛ ከሆነ በነከሰበት ሰዓት በምራቁ ውስጥ በሽታው አልነበረም ማለት ነው። ለሐኪሙ ይሄ ትልቅ መረጃ ነው። ጠባዩ ከተለወጠ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ ወይም ከሞተ ያኑ ዕለት ለእንስሳት ሐኪሙም ለተነካሹ ሐኪምም ንገሩ።

ወጪውን ሳትጠየቁ ክፈሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፣ አምልጦም ቢሆን፣ ይደርሳል ተብሎ ባይታሰብም። «አላየሁትም፣ ሰንሰለት በጥሶ ነው» አያወጣችሁም። እኔ የሕክምናውንና የትራንስፖርቱን ከፈልኩ፣ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ይቅርታ ጠየቅሁ፣ የተባለውን በዚያችው ወረቀት ጀርባ ጽፈን ተፈራረምን። አሁን ጥር 10 ጠዋት ቡቼ ቤት ውስጥ ይቆለፍበታል። እንቁጣጣሽ፣ መስቀል፣ ገና፣ ፋሲካም እንደዚሁ።

ድመት ለምትፈልጉ

ቀላል ነው፣ ጎረቤት ራሱ ይለምናችኋል። የቀበሌ ቤት ኮርኒስ ውስጥ ያለው የአይጥ ሩጫ የታወቀ ነው። ብቻ አንድ ነገር አስቀድማችሁ ተስማሙ፦ ግቢው ውስጥ የአይጥ መርዝ የሚያስቀምጥ ሰው ካለ ይንገራችሁ። መርዝ የበላ አይጥ የበላች ድመት ልትሞት ትችላለች። ለመጸዳጃ ሰፋ ያለ ካርቶን ውስጥ አሸዋ ወይም አመድ አድርጉላት፣ አለበለዚያ የጎረቤት ጎመን ሥር ትቆፍራለች። ነፍሰ ጡር ሴት ያንን ካርቶን አታጽዳ፣ ከድመት ዓይነ ምድር የሚመጣ ጽንስ የሚጎዳ በሽታ አለ።

ስምንተኛ፦ ቀበሌ ከጠራችሁ

ሂዱ። አለመሄድ ነገሩን ያከብደዋል። አንድ ማኅደር ያዙ፦ ውሉ፣ የኪራይ ደረሰኞች፣ የጎረቤት ስምምነት፣ የክትባት ካርድ፣ የውሻው ቤት ፎቶ። ኪራይ ውዝፍ ካለባችሁ ቀድማችሁ ክፈሉ፣ በውሻ ተጠርቶ በውዝፍ የሚያዝ ሰው አይቻለሁ። ቅሬታውን ያቀረበው ማን እንደሆነ አትጠይቁ፣ ምን እንደሆነ ጠይቁ። የሚስተካከል ከሆነ የቀን ገደብ ይሰጣችሁ፣ ስታስተካክሉ ፎቶ አንሥታችሁ መልሱ። «አስወግድ» ከተባላችሁ በየትኛው የውሉ አንቀጽ እንደሆነ በደብዳቤ ይጻፍልኝ በሉ፣ በትሕትና። ደብዳቤ ካለ ወደ ክፍለ ከተማ አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል፣ በቃል የተባለ ነገር ላይ ግን ምን ብላችሁ ነው አቤት የምትሉት?

ቤቱን የምትለቁ ከሆነ ከማስረከባችሁ በፊት የተቧጨረውን በር ቀለም ቀቡት፣ ውሻው የሚተኛበትን ጥግ ግድግዳ በኖራ ደርቡት፣ ሽቦውን ንቀሉ፣ እንጨቱን አፍርሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ርክክቡ ላይ «ቤቱን ያለ ጉዳት ተረክበናል» የሚል ፊርማ ተቀበሉ። የሚቀጥለው ቤታችሁም የቀበሌ ከሆነ ያችን ወረቀት ማኅደሩ ውስጥ ጨምሯት።